‘ዳግም’ን የቀሙን ሰሞን፦ አምስት ዓመት በአረቄ ማሰሮ ሥር

ተቀጠርኩ! ሰኞ ጠዋት ማሰሮው ገና ሳይሞቅ፣ የቀበሌያችን ተላላኪ በራፍ ላይ ቆሞ "ዘነበች የምትባለው የትኛዋ ናት?" ሲል፣ እኔ ፊቴ ጥላሸት ለብሶ እሳቱን እፍ እፍ እል ነበር። ደብዳቤው በሳሪስ መንገድ ካለው ማተሚያ ቤት ነው። ለእርማት ክፍል ረዳትነት የተፈተንኩትን ፈተና አልፌያለሁ፤ ከሚቀጥለው ሰኞ ጀምሮ ሥራ እገባለሁ። እርማት ክፍል ማለት መጽሐፍ ከመታተሙ በፊት ስሕተት የሚለቅሙ ሰዎች የሚቀመጡበት ነው። አስቡት! ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ!

ጩኸቴ ዋናው መንገድ ድረስ ሳይሰማ አልቀረም።

"ምነው፣ እሳት በላሽ እንዴ?" አሉ አሠሪዬ እትዬ ሸዋዬ ከጓዳ እየሮጡ መጥተው።

"ሥራ አገኘሁ እትዬ! የወረቀት ሥራ!"

"ይሄስ እስከ ዛሬ ምን ነበር? ጨዋታ?" አሉና ሳቁ። ከዚያ እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠርገው ግንባሬን ሳሙኝ። "በይ ከመሄድሽ በፊት እዚህ የሠራሽውን ጻፊው። ሁሉንም። ያበላሸሽውንም።"

ያበላሸሁትንም! እሺ። ዕድሜዬ አሥራ ሰባት ነው። የሥራ ዘመን ትዝታ የሚጽፉት ጡረታ የወጡ ሽማግሌዎች ናቸው ብሎ የሚስቅብኝ ካለ ይሳቅ፤ አምስት ዓመት እሳት ያነደደ ሰው ጡረታ ይገባዋል። ደስ ብሎኝ ነው የምጽፈው፤ ግን ከደስታዬ ሥር አንድ ንዴት አለ፣ እስካሁን ያልበረደ። እሱንም ትሰሙታላችሁ።

የመጀመሪያ ሥራዬ መካኒሳ አቦ አጠገብ አንድ ጠጅ ቤት ውስጥ ብርሌ ማጠብ ነበር። አሥራ ሁለት ዓመቴ ነው። የብርሌ አንገት ጠባብ ስለሆነ እጅ አይገባም፤ ስለዚህ ደቃቅ ጠጠርና ውሃ ጨምሬ እንደ ጸናጽል ሳንቀጫቅጨው እውላለሁ። የቤቱ እመቤት ስሜን ጠይቀውኝ አያውቁም። "አንቺ!" ካሉ እኔ ነኝ፤ ድመቷንም "አንቺ!" ስለሚሏት አንዳንዴ ሁለታችንም እንሄዳለን። ደመወዜ በሰበርኩት ብርሌ ልክ ይቆረጥ ስለነበር ስለ እሱ የማወራው የለኝም። ስድስት ወር ሆኖኝ አንድ ቀን ሦስት ብርሌ አንድ ላይ ከእጄ አምልጦ ተሰበረ፤ ከዚያ በኋላ ከእመቤቲቱ ጋር ተሰነባበትን።

እናቴ ከእትዬ ሸዋዬ ጋር በአንድ ዕድር ናቸው። "ውሃ የምትቀዳ፣ እሳት የምትጠብቅ ልጅ ፈልጌ ነበር" ብለዋት፣ በማግስቱ ነፋስ ስልክ እሳቸው ግቢ ውስጥ ራሴን አገኘሁት። ባላቸው ከሞቱ ጀምሮ ሦስት ልጆች በአረቄ አሳድገዋል። እሳቸው ግን አንድ ጠብታ አይቀምሱም። ለምን ብዬ ጠየቅኳቸው።

"ከቀመስኩ እስከ ቀትር ሁሉም ጥሩ ይመስለኛል" አሉኝ።

በምን ታዲያ ይለያሉ? በጆሯቸው። ማሰሮው ከፈላ በኋላ ዱካ ላይ ቁጭ ብለው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ከክዳኑ የሚወጣው መቃ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ወደተቀመጠው ዕቃ ይወርዳል፤ እንፋሎቱ በመቃው ሲያልፍ ይበርድና ጠብ ጠብ ይላል። ጠብታው ፈጠን ካለ "ቸኮለ" ይሉኛል፤ አንድ ፍልጥ ከእሳቱ አወጣለሁ። ዘግየት ካለ እጃቸውን ወደ እሳቱ ያወዛውዛሉ፤ አንድ ፍልጥ እጨምራለሁ። መጋጠሚያው በሊጥ ተመርጎ ሳለ እንፋሎት በትንሹ ካመለጠ፣ ከእኔ አፍንጫ በፊት የእሳቸው አፍንጫ ያገኘዋል። መጀመሪያ የሚወርደውን አንድ ስኒ መሬት ላይ ይደፉታል። "ይሄ ራስ ይፈልጣል፤ ሰው ጎረቤቴ ነው" ይላሉ።

አሁን ይህን ልብ በሉልኝ፤ ጠቡ ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው። አንድ ጊዜ የወጣው ተራ አረቄ ይባላል። ያንን መልሰው ማሰሮ ውስጥ ጨምረው እንደገና ሲያወጡት ዳግም ይባላል። በቃ። ሁለተኛ ጊዜ የወጣ ማለት ነው። ይህን ስም ያወጣለት ሰው የለም፤ ከመርካቶ እስከ ፉሪ አረቄ የሚያውቅ ሁሉ እንዲህ ብሎ ነው የሚጠራው።

ዳግም መሆኑን የሚያረጋግጡት ደግሞ በክብሪት ነው። ከእያንዳንዱ ማሰሮ ትንሽ ስኒ ማስቀመጫ ላይ ያፈሱና ይለኩሱታል። ሰማያዊ ሆኖ፣ ሳይንጫጫ ከነደደ ጠርሙስ ይሞላል። እምቢ ካለ ይመለሳል። አንድ ቅዳሜ ከጋራዥ የመጡ አምስት መካኒኮች ጠርሙሳቸውን ይዘው ቆመው ሳለ፣ ነበልባሉ ብልጭ ብሎ ጠፋ።

"ግድ የለም እትዬ፣ እኛ ሳይነድም እንጠጣዋለን!" አለ አንደኛው።

"አንተ ትጠጣዋለህ፤ እኔ ግን ዳግም ነው ብዬ አልሸጥልህም" አሉና ሙሉውን መልሰው ማሰሮ ውስጥ ገለበጡት። መካኒኮቹ እያጉረመረሙ ሄዱ። በማግስቱ ግን አምስቱም ተመልሰው መጡ።

የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲመጣ ቀበሌው አዳራሽ ገባሁ። ከሰዓት በኋላ ማሰሮው ሲያርፍ እኔ ፊደል ቆጠርኩ። እንዴት እንደጣፈጠኝ! የሱቅ ስም፣ የአውቶቡስ ታፔላ፣ ስኳር የተጠቀለለበትን ጋዜጣ ሁሉ አነባለሁ። በፍጥነት ከክፍሉ አንደኛ ነበርኩ፤ አስተማሪያችን እንኳ "ቀስ በይ፣ ማንም አያባርርሽም" ይሉኝ ነበር። የምስክር ወረቀት ያገኘሁ ቀን እትዬ ሸዋዬ ሥራዬን ቀየሩልኝ፤ የጠርሙስ ወረቀት ጸሐፊ ሆንኩ። በሰፈሩ አረቄ የሚያወጡት ሰባት ሴቶች ናቸው። አንዳቸውም አያነቡም። ለሰባቱም "ዳግም፣ የእትዬ ሸዋዬ"፣ "ዳግም፣ የእትዬ በላይነሽ" እያልኩ በቁም ጽሕፈት ጽፌ፣ በዱቄት ሙጫ እለጥፋለሁ። ፈላጊው በዛ። የፋብሪካ ሠራተኞች ወረቀቱን አይተው የሚወዱትን አውጪ አረቄ እየመረጡ ይገዙ ጀመር።

ከመንገዱ ማዶ አቶ ደምሴ የሚባል ጠርሙስ ሞልቶ የሚሸጥ ነጋዴ አለ። አረቄ አያወጣም። ተራውን ከየቦታው በበርሜል ሰብስቦ፣ ምን እንደሚጨምርበት እሱና በርሜሉ ያውቃሉ፣ የፈረስ ሥዕል ያለው የታተመ ወረቀት ለጥፎ ይሸጣል። (አንቱ ልለው ሞክሬ ነበር፤ እስክሪብቶዬ እምቢ አለኝ።) አንድ ከሰዓት በኋላ ሴቶቹ ጌሾ ሊከፋፈሉ እትዬ ሸዋዬ ግቢ ተሰብስበው ሳለ መጣ።

"እናቶቼ፣ የምሥራች ይዣለሁ። ሥራችሁ በመንግሥት ዘንድ እንዲታወቅ አድርጌያለሁ። ከእናንተ የሚፈለገው እዚች ላይ አውራ ጣት ማሳረፍ ብቻ ነው።"

"ምን ትላለች ወረቀቷ?" አሉ እትዬ ሸዋዬ።

"እኔ ባነበው መች ታምኑኛላችሁ? የራሳችሁ ልጅ አለችላችሁ። ነይ ዘኑ፣ አንብቢላቸው። የሬዲዮ ሴት አይደለሽ አንቺ!"

የሬዲዮ ሴት! ልቤ አበጠ። ወረቀቱን ተቀብዬ፣ ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ በአንድ ትንፋሽ አወረድኩት፦ "እኛ ስማችን ከዚህ በታች የሰፈረው አምራቾች፣ በአቶ ደምሴ ስም በተመዘገበው ‘ዳግም’ በተሰኘው የንግድ ምልክት ላይ አንዳችም ተቃውሞ የሌለን መሆኑንና በማናቸውም መልኩ በዚሁ ከመገልገል የምንታቀብ መሆኑን በጣት አሻራችን አረጋግጠናል።"

"እሰይ የኔ ልጅ! እንደ ውሃ እኮ ነው የምታወርደው!" ብለው እትዬ በላይነሽ አጨበጨቡ። "ምን ማለት ነው ግን?"

እውነቱን ልናገር። አልገባኝም ነበር። የንግድ ምልክት ምን እንደሆነ አላውቅም። "የምንታቀብ" የሚለውን ቃል ከዚያ ቀን በፊት አይቼው አላውቅም። ፊደሉን መጥራት ከቻልኩ ያወቅኩት ይመስለኝ ነበር። ሰባት ሴቶች ዓይናቸውን እኔ ላይ ተክለዋል። "አላውቅም" ብል የምስክር ወረቀቴን የሚነጥቁኝ መሰለኝ።

"ዳግም የምናወጣ መሆናችን ይመዘገብልናል ማለት ነው" አልኩ።

እትዬ ሸዋዬ ትኩር ብለው አዩኝ። "እርግጠኛ ነሽ ዘኑ?"

"እርግጠኛ ነኝ እትዬ።"

ሰባት አውራ ጣት። አቶ ደምሴ ወረቀቱን እፍ ብሎ አደረቀና አጥፎ ኪሱ ከተተ።

ሁለት ሳምንት አልሞላም፣ ከቀበሌ ጥበቃዎች ጋር መጣ። በአንድ እጁ ጋዜጣ፣ በሌላው ያቺን ወረቀት ይዟል። ጋዜጣው ላይ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል፤ ዳግም የእሱ ምልክት ነው፣ ሌላ ሰው ጠርሙስ ላይ ቢጽፈው በሕግ ይጠየቃል። የጻፍኳቸው ወረቀቶች በቢላ ተፋቁ። የተሞሉት ጠርሙሶች በጋሪ ተጫኑ። እትዬ በላይነሽ በጋሪው ፊት ቆመው ወደ እኔ ዞሩ።

"የሬዲዮዋ ሴት! በይ አሁንም አንብቢልን እንጂ!"

እቤት ገብቼ በሩን ዘጋሁ።

እስቲ ፍረዱኝ! ሰው ፈረስ ይሥላል፣ የእሱ ነው። ስሙን ይጽፋል፣ የእሱ ነው። ዳግምን ግን ከየት አመጣው? እናቱ ሳይወልዱት ሰው ሲለው የኖረውን ቃል አንድ ጠዋት ተነስቶ አጥሮ ይይዘዋል እንዴ? ነገ አንዱ ዳቦ ጋጋሪ "ትኩስ" የሚለውን ቃል አስመዝግቤያለሁ፣ ሌሎቻችሁ ሞቅ ያለ በሉ ቢልስ? ሌላው "ወፍራም" የእኔ ነው ብሎ ወተት ሻጮቹን ሁሉ ቢያስፈራራስ? በዚህ ላይ የቀማቸው ሰባቱም እያወጡት ነው፣ እሱ ብቻ ነው የማያወጣው! ደንበኞቹም ክፉ ናቸው፤ "ወረቀቱ ላይ ካልተጻፈ ዳግም አይደለማ" እያሉ ማዶ ተሻገሩ። የእትዬ ሸዋዬ ማሰሮ ሳይጣድ መዋል ጀመረ። ከዚያ ማሰሮ በቀር ምንም የላቸውም።

የንዴቴ ግማሽ ወደ ራሴ ነው። አስተማሪያችን ዘንድ ሄጄ "መታቀብ ምን ማለት ነው?" አልኳቸው። "መተው፣ ከማድረግ መቆጠብ" አሉኝ። ተመልሼ ለእትዬ ሸዋዬ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ አለማወቄን፣ መዋሸቴን።

ይመቱኛል ብዬ ነበር። መቃውን እየጠረጉ "አረቄው እምቢ ሲለኝ ምን አደርጋለሁ?" አሉ።

"ይመልሱታል።"

"በይ አንቺም መልሰሽ አንብቢው።"

ጋዜጣውንና የወረቀቱን ግልባጭ ከቀበሌው ለምኜ አመጣሁ። ሦስት ቀን አንድ በአንድ አነበብኩ። የማላውቀው ቃል ጋ ስደርስ እቆማለሁ፤ ጠይቄ እመለሳለሁ። በሦስተኛው ቀን ማስጠንቀቂያው ውስጥ አንድ መስመር አየሁ፤ "ሁለት ጊዜ ተጣርቶ የወጣ በመሆኑ ዳግም የተባለውን አረቄያችንን" ይላል። ራሱ! በገዛ አፉ! ሮጬ ለእትዬ ሸዋዬ አነበብኩላቸው። "ድገሚው" አሉ። ደገምኩት። ተነስተው ክብሪታቸውን ከመደርደሪያው አነሱ።

እትዬ ሸዋዬ አቤት ብለው፣ እሑድ የቀበሌው ፍርድ ሸንጎ ተቀመጠ። አዳራሹ በር ላይ አቶ ደምሴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ "አልገባኝም ነበር ብትዪ፣ ከእንግዲህ በዚህ ሰፈር ደብዳቤ የሚያስነብብሽ ሰው አታገኚም፤ አስቢበት" አለኝ። አልተሳሳተም። ያን ጊዜ ያለኝ ነገር አንባቢ የሚለው ስም ብቻ ነበር።

የሸንጎው ሊቀመንበር በሙያቸው ልብስ ሰፊ ናቸው፤ መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው አውርደው ወረቀቱን አዩ። "ወይዘሮ ሸዋዬ፣ አሻራው የእርስዎ ነው?"

"የእኔ ነው። ይቺን ልጅ ግን ይጠይቁልኝ።"

ቆምኩ። "ያነበብኩላቸው እኔ ነኝ። ትርጉሙን ሲጠይቁኝ አላውቀውም ነበር። ማፈሬን ትቼ አላውቅም ማለት ሲገባኝ፣ ዋሽቼ ሌላ ነገር ነገርኳቸው። ያተሙት እኔ ባልኩት ላይ ነው፤ ወረቀቱ ባለው ላይ አይደለም።" ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። ከዚያ ብዙ ሰው ሳቀ። እንባዬ መጣ፤ አልተቀመጥኩም።

"ልጅቱ ባትረዳው እኔ ምን ላድርግ ጓድ ሊቀመንበር?" አለ አቶ ደምሴ። "ቃሉ ተመዝግቧል። እነሱ ሌላ ስም ይፈልጉለት።"

እትዬ ሸዋዬ ወደ እሱ ዞሩ። "ደምሴ፣ ባለፈው ዓመት ከእኔ ስትገዛ በሬን አንኳኩተህ ምን ብለህ ነበር የምትጠይቀኝ?"

"እኔ እንጃ፤ አረቄ ስጡኝ ነበር የምለው።"

"‘እትዬ፣ ዳግም አለ?’ ነበር የምትለው! እኔም በአጥር ሰምቼሃለሁ!" ብለው ጮኹ እትዬ በላይነሽ። አዳራሹ ተንጫጫ።

ከፉሪ ጌሾና ገብስ የሚያመጡልን ገበሬ ኦቦ ገመቹ እጃቸውን አነሱ። "እኔ ሽማግሌ ነኝ። እናቴ ታወጣ ነበር፣ ዳግም ትለው ነበር። ይሄ ሰውዬ ቃሉን ከገዛው ከማን ነው የገዛው? እናቴ አልሸጠችለትም።"

ሳቁ ሲበርድ ያችን የጋዜጣ መስመር አንብቢ ተባልኩ። ቀስ ብዬ አነበብኩ። እትዬ ሸዋዬ ሁለት ስኒ ማስቀመጫ ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። በአንዱ የራሳቸውን፣ በሌላው ከአቶ ደምሴ ሱቅ ጠዋት ተገዝቶ ያልተከፈተ፣ ባለ ፈረሱን ጠርሙስ ከፍተው አፈሰሱ። "ሁለት ጊዜ የወጣ ነው ብሏል። እኔ ልለኩስ ወይስ እርስዎ ይለኩሱት?"

ሊቀመንበሩ ለኮሱ። የእትዬ ሸዋዬ ሰማያዊ ሆኖ፣ ጸጥ ብሎ ነደደ። ባለ ፈረሱ ላይ አንድ ክብሪት፣ ሁለት ክብሪት፣ ሦስት ክብሪት አለቀ። እርጥብ ክብሪት ሸተተ እንጂ ምንም አልነደደም።

"ውሃ ነው እኮ ያስመዘገበው!" አለ አንዱ መካኒክ ከጥግ።

ሸንጎው ወጥቶ ተመለሰ። አሻራው የተወሰደው ይዘቱ ሳይነገራቸው ስለሆነ አይጸናም። ሁለት ጊዜ ያወጣ ሁሉ በዚህ ቀበሌ፣ ስሙን ከጎኑ እየጻፈ፣ ዳግም ማለት ይችላል። አቶ ደምሴ ፈረሱን ይያዝ፤ ቃሉን ግን እስኪነድለት ድረስ ከጠርሙሱ ላይ ያንሳ። ከዚያ ሊቀመንበሩ ወደ እኔ ዞረው "አንቺ ደግሞ በመናገርሽ ጎበዝ ነሽ፤ መዋሸትሽን ግን እንዳትረሺው" አሉኝ። አልረሳሁትም። የሸንጎው ጸሐፊ ናቸው ኋላ ስለ ማተሚያ ቤቱ ፈተና የነገሩኝ፤ "አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት ስሕተትሽን የለቀምሽ የሌላውን አያቅትሽም" ብለው።

ታዲያ አለቀ? አላለቀም! የሚያናድደኝም ይኸው ነው። የተወሰዱት ጠርሙሶች ተመለሱ፤ ባዷቸውን። "ጥበቃዎቹ ናቸው የጠጡት" ይላል እሱ። ሸንጎው የከተማውን መዝገብ መሰረዝ አይችልም፤ ሊቀመንበሩ ራሳቸው "ከሥልጣኔ በላይ ነው" ብለዋል። ስለዚህ ቃሉ ዛሬም በአንድ ትልቅ ደብተር ውስጥ በአቶ ደምሴ ስም ተጽፎ ተቀምጧል። መካኒሳም ሆነ ላፍቶ ያለች ሴት ዳግም ብላ ብትጽፍ፣ ያንን ጋዜጣ ይዞ በሯን ያንኳኳል። በእኛ ላይ ያደረገውን በእሷ ላይ ያደርገዋል።

እትዬ ሸዋዬ ግን ዝም የሚሉ ሰው አይደሉም። ለመዝገቡ ክፍል አቤቱታ አስጽፈውኛል። ሁለት ገጽ ነው፤ ቃሉ የማንም አይደለም፣ የሁሉም ነው የሚል። ብዙ ሰው ሊመሰክርበት ይገባል። ስለዚህ በእሳቸው ስም ይህን ጥሪ አስተላልፋለሁ፦ ቅዳሜ ጠዋት ነፋስ ስልክ፣ እትዬ ሸዋዬ ግቢ ኑ። አረቄ የምታወጡም፣ የምትሸጡም፣ የምትጠጡም፣ ሁለተኛ የወጣውን ዳግም ብላችሁ ጠርታችሁ የምታውቁ ሁሉ ኑ። ፊርማ ያለው ይፈርማል፤ የሌለው አውራ ጣቱን ያሳርፋል።

አስቀድሜ ግን እኔ አነብላችኋለሁ። ከእያንዳንዱ መስመር በኋላ እቆማለሁ። ያልገባው ይጠይቅ፤ ያልተስማማው ሳያትም ይሂድ፤ ማንም አይቀየመውም። የማላውቀው ነገር ከጠየቃችሁኝም "አላውቅም" ብዬ፣ የሚያውቅ ሰው እስኪመጣ ወረቀቱን አጥፌ እይዘዋለሁ።